ባለጥርስ እንጉዳይና የፓይን ችግኝ

መግቢያ፦ እንጉዳይ ሁሉ የዛፍ ጠላት አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የፓይን ደኖች የሚበቅለው ሃይድኔለም ፔኪ የተባለው ባለጥርስ እንጉዳይ የዛፉ ረዳት ነው።

መለያው፦ ከቆቡ ሥር እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ፣ ጥርስ የመሰሉ ሹል ነገሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ለጋው ነጣ ብሎ ደም የመሰለ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። እጅግ መራራ ስለሆነ አይበላም።

ሥራው፦ ድሩ የዛፉን ቀጫጭን ሥሮች ሸፍኖ ከአፈር ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያቀብላል፤ ዛፉም በፈንታው ስኳር ይሰጠዋል። በአውሮፓ ይህ እንጉዳይ ከተመናመነባቸው ምክንያቶች አንዱ በአፈር ውስጥ የናይትሮጅን መብዛት ነው።

ለሥራችን የሚሰጠው ትምህርት፦ በአገራችን የሚተከለው ፓቱላም ያለ እንዲህ ዓይነት ረዳት እንጉዳይ ይቀጭጫል። ስለዚህ፦

1. በአዲስ ችግኝ ጣቢያ፣ ከጤነኛ ፓቱላ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ከመደቡ አፈር ጋር ይደባለቅ። ከሐበሻ ጥድ ወይም ከፈረንጅ ጥድ ሥር የተወሰደ አፈር አይተካውም፤ የእነዚህ ዛፎች ረዳት እንጉዳይ ሌላ ነውና።

2. ችግኙ ቢጫ ስለሆነ ብቻ ዩሪያ አይጨመር። አስቀድሞ ጥቂት ችግኝ ተነቅሎ ሥሩ ይታይ። እንደ ባላ የተከፈሉ አጫጭር ሥሮች ከሌሉ፣ የጎደለው ማዳበሪያ ሳይሆን ረዳቱ ሊሆን ይችላል።