ከትምህርት ገበታ የሚቀር ልጅና የሰበካችን ድርሻ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ የሚኖር ልጅ ከትምህርት ሲቀር ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ነው» ተብሎ ይፈረድበታል። ነገር ግን ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ በርበሬ ተራ ጎራ ያለ ሰው ሌላ ምክንያት ይመለከታል። እናቱ ጉልት ስትውል ታናሹን የሚጠብቅ፣ ዕቃ የሚሸከም፣ ፌስታልና ሶፍት እያዞረ የሚሸጥ ልጅ በዚያ አለ። የበዓል ገበያ ሲደራማ ለችግረኛ ቤተሰብ የአንድ ቀን ገቢ ከአንድ ቀን ትምህርት ይልቅ ይከብዳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ይሁን እንጂ ከእናቱ ጎን የሚሠራውን ልጅ ሕግ ብቻውን አይደርስለትም። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚካሄደው የተማሪዎች ምገባም ረሀብን ያስታግሣል እንጂ የቤት ኪራይን አይከፍልም።

ጉዳቱ በዝምታ የሚከማች ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ተማሪ በ10 ሳምንት ውስጥ 10 ቀን፣ ማለትም ሁለት ሙሉ የትምህርት ሳምንታት ያጣል። ትምህርት በትምህርት ላይ የሚታነጽ በመሆኑ ሰኞ ማካፈልን ያልተማረ ልጅ ማክሰኞ ክፍልፋይን ለመረዳት ይቸገራል። ያልገባው ልጅ መጠየቅን ያፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ዳግመኛ ይቀራል። በመጨረሻም መቅረቱ ወደ ማቋረጥ ይለወጣል።

እኛም ብንሆን ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። በዐቢይ ጾም የአዘቦት ቀናት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ስለሚዘልቅ ሕፃናት ዲያቆናት የከሰዓቱን ትምህርት ይተዋሉ። እኔ ራሴ በልጅነቴ እንዲሁ አደርግ ነበር። የሒሳብ ክፍለ ጊዜያችን ከሰዓት ስለነበር ክፍልፋይን ሳልረዳ ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛወርሁ፤ ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። በአገልግሎቴ ያመሰገኑኝ ብዙዎች ነበሩ፤ «ዛሬ ትምህርት የለህምን?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

መቶ በጎች የነበሩት እረኛ አንዱ መጥፋቱን ያወቀው በመቁጠሩ ነው። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤም የሚከተሉትን ቢፈጽም መልካም ነው፦

1. የተራ መምህሩና ዲያቆናቱ ተመካክረው የቅዳሴ ተራን ከተማሪዎቹ የትምህርት ፈረቃ ጋር ማስማማት፤
2. በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን ጋር ተነጋግሮ በተከታታይ የሚቀሩ ልጆችን በጊዜ ማወቅ፤
3. የንስሐ አባት ወይም የኮሚቴ አባል ወደ ቤት ሄዶ ወላጅን ያለ ወቀሳ መጠየቅ፤
4. ከበዓላት አስቀድሞ ለችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጠውን ርዳታ በዕለቱ ዋዜማ ሳይሆን ልጆቹ ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ማድረስ፤
5. የቀረባቸውን ትምህርት የሚያካክሱበት የቅዳሜ ከሰዓት ማስጠኛ በሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ማዘጋጀት።

ለውይይት፦ በሰበካችን በዚህ ወር ከትምህርት የቀሩ ልጆች እነማን ናቸው? ምክንያታቸውን ማን ጠይቋል? ከእነርሱ መካከል እኛ ራሳችን ያስቀረናቸው ስንት ናቸው?