ቢላዋን በባለቀበቶ መኪና ስለ መሳል

ቢላዋ የሌለበት ወጥ ቤት አይገኝም፤ ነገር ግን ቢላዋ በምን ምክንያት እንደሚቆርጥ፣ ስለ ምንስ እንደሚደንዝ ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ብሆን የአባቴን ካራ እስካበላሸሁበት ቀን ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

ቤታችን በጅማ መንገድ ሰበታ ነው። በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የሚኖሩት አያቴ ለአባቴ የሰጡት አንድ ካራ አለን፤ እርሳቸው በኦሮምኛ አልቤ ይሉታል። የተሠራውም ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ቀጥቃጮች ባሌስትራን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በውስጡ ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ስላለበት፣ በወናፍ እሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እጅግ ይጠነክራል። የሚስማር ብረት ግን ካርቦኑ ጥቂት ስለ ሆነ የቱንም ያህል ቢግልና ቢነከር እንደዚያ አይሆንም።

ነገር ግን እንዲህ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጩ እንደ ገና በመጠኑ ያሞቀዋል። የሙቀቱን ልክ የሚያውቀውም በቴርሞሜትር ሳይሆን በብረቱ መልክ ነው። በ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የገለባ መልክ ይይዛል፤ በ255 ገደማ ቡናማ፣ በ280 ገደማ ሐምራዊ፣ በ300 ገደማ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን ብረቱ ይለሰልሳል። አንባቢ ይህን ሰማያዊ መልክ በልቡ ይያዝልኝ።

አምና ከፋሲካ በፊት አጎቴ ከዱባይ ሲመጣ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሳያ መኪና ይዞልን መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ መካኒኮች ፑሌጃ የሚሉትን መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩም ወርዱ 2.5፣ ዙሪያው 76 ሴንቲሜትር የሆነውን ቀበቶ ይስበዋል። ቀበቶው የብርጭቆ ወረቀት ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ በጨርቅ ላይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት በሙጫ ተለጥፎበታል። አልማዝ 10 በሚያገኝበት የጥንካሬ መለኪያ ይህ ቅንጣት 9 ስለሚያገኝ ብረትን ያለ ችግር ይፍቃል። በሌሎች ቀበቶዎች ላይ ያለው ሲሊኮን ካርባይድ ከዚህም ይጠነክራል፤ ይህን በ1891 እ.ኤ.አ. ያገኘው አቺሰን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ ይደክም የነበረው ሰው ሠራሽ አልማዝ ለመሥራት ነበር። አልማዙን ባያገኝም ለእኛ ቢላዋ ደረሰልን።

በቀበቶው ጀርባ የተጻፈው ቁጥር የቅንጣቱን ልክ ያመለክታል። ቁጥሩ ሲያንስ ቅንጣቱ ሻካራ፣ ሲበዛ ደቃቅ ይሆናል፤ 120 አፉ ለተሸረፈ፣ 400 ለደነዘ፣ 1000 ለማለስለስ ነው። በመኪናው ላይ የሚጻፈውንም ቮልት ማንበብ ያስፈልጋል። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለ ሆነ ለአገራችን መብራት ይስማማል፤ ከአሜሪካ የሚመጣው ግን 120 ቮልት ስለ ሆነ ትራንስፎርመር ከሌለ ሞተሩ ይቃጠላል።

እኔ ያላሰብሁት ግን ፍጥነቱን ነው። የመዘውሩ ወርድ 10 ሴንቲሜትር፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 2,850 ነው። 3.14ን በ0.10 ሜትር፣ ያንንም በ2,850 ብናበዛው በደቂቃ 895 ሜትር፣ ማለት በሰኮንድ 15 ሜትር ያህል እናገኛለን። ይህም ከማንኛውም ሯጭ ይበልጣል። ብረት በዚህ ፍጥነት ሲፋቅ ፍትጊያው ሙቀት ይወልዳል፤ የስለቱ ጫፍ ደግሞ እንደ ወረቀት የቀጠነ ስለ ሆነ ሙቀቱን የሚያሳልፍበት ሥጋ የለውም።

የቅዳሜ ሹር ለት አባቴን ደስ አሰኛለሁ ብዬ ካራውን በ120 ቁጥር ቀበቶ ላይ ጫን አድርጌ ያዝሁት። ፍንጣሪው እንደ ርችት ሲረጭ ደስ ብሎኝ ነበር። ስጨርስ ጫፉ ዶልዱሞ፣ አፉም ከወዲያ እስከ ወዲህ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። የእጄን ፀጉር ሞክሬበት ስለ ላጨልኝ ግን ግድ የለም አልሁ። በማግሥቱ ሌሊት አባቴ በጉን ገና ወደ ግማሽ ሳይገፍፉ ካራው እምቢ አለ። ካራውን ወደ መብራቱ አዙረው አዩት፤ ከዚያም ከጎረቤት ቢላዋ ተውሰው ጨረሱ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ብገረፍ ይሻለኝ ነበር።

ከቡራዩ እየመጡ በየሰፈሩ የሚዞሩ አንድ ቢላዋ ሞራጅ አሉ። በእግር የሚዞር የመሳያ ድንጋያቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ውሃ የያዘ ጣሳም አንጠልጥለው ነው የሚሄዱት። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሲያልፉ ካራውን አሳየኋቸው።

«ማን አቃጠለው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ብረቱ ሞቷል እኮ። ቢስሉት ይስላል፤ አይቆይም እንጂ። ሰማያዊው እስኪያልቅ ከአፉ መፈቅፈቅ ነው። በውሃ፣ ቀስ ብለህ።»

የፊዚክስ መምህራችንን ብጠይቃቸው ይህንኑ በካርቦንና በዲግሪ አስረዱኝ። እኔም በሞራጁ ምክር መሠረት አራት ማታ በውሃ ድንጋይ ላይ በእጄ ፈቀፈቅሁት። መልኩ ላይ ላዩን ቶሎ ይጠፋል፤ የለሰለሰው ብረት ግን ከሥሩ ስላለ አፉን ወደ ውስጥ መብላት ግድ ነው። ከካራው ወርድ 3 ሚሊሜትር ጎደለ።

እንግዲህ መኪናውን ዛሬ የምጠቀምበት እንዲህ ነው። ሻካራውን ቀበቶ ትቼ ከ400 እጀምራለሁ። ቀበቶው ወደ ታች ስለሚሄድ የቢላዋውንም አፍ ወደ ታች አደርጋለሁ፤ ወደ ላይ ቢዞር ስለቱ ቀበቶውን ይበጥሰዋል፣ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ለወጥ ቤት ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ አጥንት ለሚመታበት መጥረቢያ 25 ይሻላል። ዲግሪውን ለመጠበቅ ሳይንን ተጠቀምሁ፦ ወርዱ 4 ሴንቲሜትር የሆነ ቢላዋ ጀርባው ከቀበቶው 1.4 ሴንቲሜትር ቢርቅ 20 ዲግሪ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን የእንጨት ሽብልቅ ቀርጬ ለዓይኔ መለማመጃ አደረግሁት። ከእጀታው ወደ ጫፍ ሳልጫን አንድ ጊዜ እስብና ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ቀጥሎ በሌላው ጎን። ጫፉ የቀበቶው መካከል ላይ ሲደርስ አነሣዋለሁ፤ ጨርሶ እስኪያልፍ ከሳቡት ይዶለዱማል። የኔም የመጀመሪያ ጥፋት ይኸው ነበረች።

መሳሉ የሚበቃበትን ጊዜ ጣት ይነግራል። አንዱ ጎን ሲፋቅ በሌላው ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ የታጠፈ ብረት ይወጣል፤ ይህ ከእጀታው እስከ ጫፉ ከተገኘ ያ ጎን አልቋል ማለት ነው። ጣት ከጀርባ ወደ አፍ ይዳበስ እንጂ በስለቱ ርዝመት አይሂድ። የታጠፈውን ብረት በ1000 ቀበቶ፣ ከዚያም በቆዳ መጥረግ ነው። አሮጌ የወገብ ቀበቶ ይበቃል። መነጽር ሳያደርጉ፣ ነጠላ ወይም ጋቢ አንጠልጥለው መቅረብ ክልክል ነው፤ ጭድና ላምባም ፍንጣሪው ከሚደርስበት ይራቅ። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ያው የውሃ ድንጋያችን አለ።

የሰፈራችን ሰዎች ወሬውን ሰምተው በመስቀል ሰሞን ቢላዋቸውን ይዘው መጡ። አሥራ አንድ ሳልሁ፣ ገንዘብም አልተቀበልሁም። በሦስተኛው ቀን ሞራጁ በራችን ላይ ቆመው አየኋቸው። የተከመረውን ቢላዋ ተመልክተው «በርታ» ብለውኝ ሊሄዱ ሲሉ ፊቴ ጋለ። ያን ዕውቀት በነፃ የሰጡኝ እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ቢላዋ አልቀበልም፤ የእናቴንም መቀሶች ሁሉ ለእርሳቸው አስቀምጣለሁ። ባለቀበቶው መኪና የመቀስን ጠፍጣፋ ጎን ያጎብጠዋል፤ ይህንንም የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።