ለ80 አረጋውያን ከምሳ በኋላ ምን ጣፋጭ እናቅርብ?



ከጀሞ አንዲት እህታችን በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጠየቀችን፦ «ዶክተር፣ የእድራችን ልጆች ተሰባስበን 80 የሚሆኑ የሰፈራችንን አረጋውያን ምሳ ልንጋብዝ ነው። ከምሳ በኋላ ኬክና ለስላሳ አስበን ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ስኳርና ግፊት አለባቸው። ሁሉንም የሚያስደስት ምን እናቅርብ? ወይስ ስኳር ላለባቸው ለብቻ ጠረጴዛ እናዘጋጅ?»

አጭሩ መልስ፦ ለብቻ ጠረጴዛ አታዘጋጁ። ሁሉም አብሮ የሚበላው አንድ ነገር ምረጡ። የእኔ ምርጫ በደንብ የበሰለ ፓፓያ ነው። ለምን?

1. ይሉኝታ አለ

እናቶቻችንና አባቶቻችን የቀረበላቸውን መመለስ ነውር ነው ብለው ነው ያደጉት። ከበዓልና ከድግስ በኋላ ስኳራቸው ከፍ ብሎ የሚመጡትን ስጠይቃቸው ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ልጄ፣ ሰው አክብሮ አቅርቦልኝ እንዴት እምቢ ልበል?» የሚል ነው። ስለዚህ ምርጫው ሳህኑ ከቀረበ በኋላ የእሳቸው ሳይሆን፣ ገና ሲታሰብ የእናንተ ነው።

«የስኳር ሕመምተኞች በዚህ በኩል» ብትሉስ? ሕመማቸው እንዲታወቅ የማይፈልጉ አሉ፤ እነሱ ከሌላው ጋር ቁጭ ብለው ኬኩን ይበላሉ። ስኳር እንዳለባቸው ገና ያላወቁም አሉ።

2. ስኳሩን እንቁጠረው

አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ይህ ከ7 እስከ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የሚጨመር ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ የተሻለ ነው ይላል። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከዚያ አለፈ፤ ኬኩን ገና አልቆጠርንም፣ በፊት የተበላው እንጀራም አለ።

ፓፓያም ስኳር የለውም ማለት አይደለም። 120 ግራም የተከተፈ ፓፓያ ወደ 10 ግራም የሚጠጋ የተፈጥሮ ስኳር አለው፤ ግን ከነአሰሩ (ፋይበሩ) ስለሚበላ ከለስላሳ ጋር አይወዳደርም።

«ጁስስ?» ለምትሉ፦ ፍሬው ሲጨመቅ አሰሩ ይቀንሳል፣ ብዙ ቦታም ስኳር ይጨመርበታል። «ማርስ?» ማርም የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

3. ጥርስና መዋጥ

ቆሎና ፈንዲሻ ጥርሳቸው ለወለቀ ወይም መዋጥ ለሚቸግራቸው ሰዎች ያስቸግራል፣ ሊያንቅም ይችላል። የበሰለ ፓፓያ በድድም ይላመጣል።

4. ጾም

ግብዣው ረቡዕ ወይም አርብ ከዋለ ወተትና እንቁላል ያለበት ኬክ ለጿሚዎች አይሆንም። ፓፓያ ለጿሚውም ለማይጾመውም፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል።

5. ኩላሊት

ሙዝና አቮካዶ ከፓፓያ የበለጠ ፖታሲየም አላቸው። የኩላሊት ሕመም ኖሮባቸው ፖታሲየም እንዲቀንሱ ለተነገራቸው ፓፓያ በትንሹ የተሻለ ነው። እነሱ ግን ከሐኪማቸው ምክር እንዳይወጡ።

አዘገጃጀት ለ80 ሰው

✅ ለአንድ ሰው አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን (120 ግራም ገደማ) ይበቃል። ልጣጩና ፍሬው ስለሚጣል ከ15 እስከ 17 ኪሎ ግዙ። ለጀሞና ለለቡ ልጆች ሃይሌ ጋርመንት ያለው አትክልት ተራ ቅርብ ነው።
✅ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ገና ቢጫ መሆን የጀመረውን ገዝታችሁ ቤት ይብሰል። በአውራ ጣት ሲነኩት እሺ ሲል ደርሷል።
✅ ከመላጣችሁ በፊት ከነልጣጩ በንጹሕ ውሃ እጠቡት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላዋና መክተፊያ አትጠቀሙ።
✅ በትንንሹ ክተፉት። ከተከተፈ በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ስለዚህ ጠዋት ሳይሆን ምሳ ሲቀርብ ይከተፍ።
✅ ሎሚውን ለብቻ አቅርቡ፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ይተወዋል።

ኬኩስ ጭራሽ ይቅር? ለመቁረስ ከተፈለገ ድፎ ዳቦ ይቆረስ፣ ሽማግሌ ይመርቅ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይቅመስ። የደስታው ምልክት እሱ ነው።

ቡናውን አትርሱት

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዳቸው በ2 ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ 6 ማንኪያ ሆነ፤ ይህ 24 ግራም ገደማ ነው። በለስላሳው ያዳናችሁትን በቡናው መለሳችሁት ማለት ነው። ስኳር ጨምራችሁ አታቅርቡ። ስኳሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ሁሉም የሚፈልገውን ያህል ራሱ ይጨምር።

በጣም አስፈላጊው፦ ምሳው አይዘግይ!

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸውን ወስደው ምግብ ከዘገየባቸው የደም ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል። ይህ ከኬኩ ይልቅ በፍጥነት አደጋ ያመጣል። «6 ሰዓት» ብላችሁ ጠርታችሁ ንግግሩ እስከ 8 ሰዓት ከቆየ ችግር ነው። መጀመሪያ ይብሉ፣ ንግግሩ ከዚያ ይቀጥል።

ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልባቸው በፍጥነት ከመታ፣ ወይም ግራ ከተጋቡ፦
👉 ነቅተው መዋጥ የሚችሉ ከሆነ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጧቸው። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል (ስኳር አልባው አይሠራም)። ለዚህ ጊዜ ፓፓያ አይበቃም።
👉 ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ፤ ከተሻላቸው ምግብ ይብሉ።
👉 ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ። በጎን አስተኟቸው፣ ወደ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ስለዚህ ለግብዣው የገዛችሁት ለስላሳ ካለ ሁለት ሦስት ጠርሙስ ጓዳ አስቀምጡ። ለማጣጣሚያ ሳይሆን ለድንገተኛ ነው።

 በእናንተ ሰፈር ለአረጋውያን ግብዣ ምን ይቀርባል? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ድግስ ለሚያዘጋጅ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።