የቤት ጥራጊን ስለ መቀነስ
ለቤተሰብ የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለጤና ጥበቃ ሥራ ታስቦ የተነገረ ይመስላል። በሽታ ቤት ከገባ በኋላ ሐኪም ፍለጋ ከመሮጥ፣ ለመድኃኒት ከማውጣትና ሥራ ከመፍታት ይልቅ የበሽታውን መንገድ አስቀድሞ መዝጋት እንደሚሻል ማንም አይስተውም። ስለ ቤት ጥራጊ እስከ ዛሬ ሲነገር የኖረው «በሚገባ ጣሉ» የሚለው ቃል ነው። እርሱም እውነት ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ግን ነገሩን ከሥሩ ይዘን፣ ጥራጊው ገና ከቤት ሳይወጣ እንዴት ሊያንስ እንደሚችል እንመለከታለን። ያልተፈጠረ ጥራጊ ዝንብ አይስብም፤ ቦይ አይዘጋም፤ ተሸካሚም አያሻውም።

1ኛ/ ጥራጊ በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የቤት ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥበት ባለውና በሚበሰብስ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በምግብ ትራፊ፣ በአትክልት ልጣጭ፣ በፍግና በመሳሰለው ነው። በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል 100 ያህል ይሆናል። እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ትሉም ከጠገበ በኋላ ወደ ደረቅ ስፍራ ሸሽቶ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ይነሣል። ሙቀት ባለበት ወራት ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ከአንድ ሳምንት በላይ በግቢ ውስጥ ክፍት ሆኖ የቆየ ጥራጊ ዝንብ ማርቢያ ሆነ ማለት ነው።

ዝንብ ደረቅ ምግብ መዋጥ አይሆንላትም። ስለዚህ በምግቡ ላይ ምራቋን ተፍታ፣ አሟሙታ ትመጠዋለች። ቀደም ብላ በዓይነ ምድር ወይም በበሰበሰ ነገር ላይ ዐርፋ ከነበረ፣ በእግሯና በአፏ ያነሣቻቸውን ተሐዋስያን በዚያው በሕፃኑ ገንፎ ላይ ትተዋቸዋለች። ተቅማጥ፣ ደም የተቀላቀለበት ቁርጠትና የአንጀት ተስቦ ከሚተላለፉባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። በግቢ የተጣለ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ማሰሮ፣ አሮጌ የመኪና ጎማና የፕላስቲክ ዕቃ የዝናብ ውኃ ሲያቁር የወባና የሌላ በሽታ ትንኝ ይራባበታል። በ2009 ዓ.ም. በቀብሪደሃር ከተማ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ እንግዳ የወባ ትንኝ ተገኘ። ይህ ትንኝ ከተማን የሚወድ፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃና በየዕቃው ባቆረው ውኃ የሚራባ ነው። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ከሆኑት አንዱ እርሱ መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ «ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ነው» ብሎ ጣሳና ጎማ በግቢ መበተን ከእንግዲህ አያዋጣም።

2ኛ/ ጥራጊው ከደጃችን ከተነሣ በኋላ ወዴት ይሄዳል?

ብዙ ሰው ጥራጊው ከዓይኑ ሲርቅ የጠፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ጥራጊ ቦታ ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ጥራጊ ከ50 ዓመት በላይ ሲከማች የኖረው ሕዝቡ ቆሼ ብሎ በሚጠራው በረጲ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ በግርጌው የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ተራራ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከየቤታችን በየጆንያው የወጣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አመድ፣ ፌስታልና ጨርቅ ተጠራቅሞ የሠራው ነው።

የአገራችን የከተማ ቤት ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ ዓይነቱ ጥራጊ በትልቅ ክምር ውስጥ አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፤ ዝናብ ሲወርድበትም የቆሸሸ ፈሳሹ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይሰርጋል። ያው ልጣጭ ግን በቤታችን ጓሮ በሚገባ ቢያዝ ለጎመንና ለቆስጣ ምግብ በሆነ ነበር።

3ኛ/ የአንድ ቤተሰብ ምሳሌ

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ቤት ለቤት እየዞርን ስናስተምር ያገኘነውን የአንድ ቤተሰብ ሥራ እንናገራለን። ቤተሰቡ ስድስት ነፍስ ነው፤ አባት፣ እናት፣ አያትና ሦስት ልጆች። የሚኖሩት ከሌሎች ሦስት አባወራዎች ጋር በአንድ ግቢ ነው። ትንሹ ልጅ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በአንድ ክረምት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተቅማጥ ይዞት ሰውነቱ ተጎድቷል። ወደ ቤቱ የሄድነውም ስለዚህ ሕፃን ነበር።

እናቲቱን አስቀድመን የለመንናት ምንም ነገር እንድትለውጥ አይደለም፤ ለአንድ ሳምንት የሚጣለውን ብቻ በአራት ለይታ እንድታስቀምጥ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ አየው። ከሁሉ የከበደው የወጥ ቤቱ ልጣጭ፣ የቡና አተላና የከሰል አመድ ነበር። ከሁሉ ቦታ የያዘው ግን ፌስታልና ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው የውኃ ፕላስቲክ ሆነ፤ ሲመዝኑት ቀላል፣ ሲከምሩት ግን ጆንያ የሚሞላ ነው። ሦስተኛው ወለል ተጠርጎ የወጣ አቧራና የደረቀ ቄጠማ ነው። አራተኛውና ጥቂቱ፣ ነገር ግን አደገኛው፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ምላጭና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ከዚህ የምንማረው የሚከብደውና ቦታ የሚይዘው የተለያዩ መሆናቸውን፣ መድኃኒታቸውም እንዲሁ የተለያየ መሆኑን ነው።

ሀ/ ስለ ምግብ። እናቲቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ ትጋግር ነበር፤ የተረፈው ግን እየሻገተ ይጣላል። አያቲቱ ይህን ሲያዩ ኖረው ዝም ብለዋል። «እማማ፣ በእርስዎ ዘመን የተረፈ እንጀራ ምን ይደረግ ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ምን ይጣላል? ሳይውል ሳያድር በፀሐይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገው ነበር እንጂ፤ ይህን የምትሉትን ሁሉ እኛ ስንሠራው ኖረናል፤ ስሙን ነው ያላወቅነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። እኛም በውጭ አገር ትምህርት ቤት ተቀምጠን የቆሻሻ መቀነስን ትምህርት በደረጃ በደረጃ ስንማር፣ ከፊሉን በእናቶቻችን ጓዳ ያየነው ሆኖ አግኝተነዋል። በአያቲቱ ምክር ሊጡ ለቤተሰቡ በሚበቃ መጠን እንዲቦካ፣ የተረፈውም በቶሎ እንዲደርቅ ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር አጥብቀን አስጠንቅቀናል፤ የሻገተ እንጀራ ሻጋታው ተፍቆ ድርቆሽ አይሆንም። የሻጋታ መርዝ በማድረቅም በመቀቀልም አይጠፋምና።

ለ/ ስለ ልጣጭ። በጓሮ ጥግ፣ ከቤቱና ከውኃ ጉድጓድ ርቆ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የብስባሽ ክምር ተዘጋጀ። ከታች ደረቅ ሣርና ቄጠማ ይነጠፋል፤ በላዩ ልጣጩና የቡናው አተላ ይደረጋል፤ ከዚያም ጥቂት አመድ ተነስንሶ አፈር ይለብሳል። እናቲቱ «ዝንብን ሽሹ እያላችሁን ዝንብ በጓሯችን ታረቡብናላችሁ» ብላ ተጠራጥራ ነበር። ጥርጣሬዋም መሠረት ነበረው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ልጣጩን አፈር ሳያለብሱ እየጣሉት ዝንብ ወረረው። ከዚያ በኋላ አንድ የአፈር ጣሳ በክምሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ልጣጭ የጣለ ሁሉ አፈር ሳይጨምር እንዳይመለስ ታዘዘ፤ ዝንቡም ቀነሰ። ክምሩ እርጥበቱ ተጨምቆ እንደ ወጣ ጨርቅ መሆን አለበት፤ በየሁለት በየሦስት ሳምንቱም ይገላበጣል። በመካከሉ የሚነሣው ሙቀት መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ ትሉንም ይገድለዋል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባትና የወጥ ትራፊ ግን አይገባበትም፤ አይጥና ውሻ ይጠራልና። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጥቁር፣ ሽታ የሌለው አፈር ይሆናል። ቤተሰቡ በዚሁ አፈር ጎመን ተክሏል።

ሐ/ ስለ ፌስታልና ስለ ፕላስቲክ። አባትየው ማታ ማታ ፌስታሉን ከማድ ቤቱ ጀርባ ያቃጥል ነበር። «ከሚሸት ቢጤስ ይሻላል» ይል ነበር። እኛም እንዲህ ብለን አስረዳነው። ፕላስቲክ በጓሮ እሳት ሲቃጠል ሙቀቱ ስለማይበቃው ከፊሉ በሚገባ ሳይቃጠል በጢስ ይወጣል፤ ጢሱም ደቃቅ ጥላሸት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ዳዮክሲን የተባለውን መርዝ ይይዛል። ዳዮክሲን በአመዱም ይቀራል፤ አመዱን ዶሮ ብትጭረው ወደ እንቁላሏ ይገባል። ጢሱን ከሁሉ አብልጦ የሚስበው ደግሞ በመስኮቱ አጠገብ የሚተኛው ሕፃን ነው። አባትየው ይህን ከሰማ በኋላ ማቃጠሉን ተወ፤ የእናቱ ዘንቢልም ከተሰቀለበት ወርዶ ወደ ገበያ መሄድ ጀመረ። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ደግሞ ተለይቶ በጆንያ እየተጠራቀመ ለቆራሌው ይሸጣል። በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን ያየ ሰው፣ እኛ ጥራጊ የምንለው ለሌላው ሙያና እንጀራ መሆኑን ያውቃል።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ጥራጊ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ደንግጎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

መ/ ስለ ሕፃኑ። ብዙ እናቶች የሕፃን ዓይነ ምድር ንጹሕ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ በዳይፐር ጠቅልለው ከጥራጊው ጋር ይጥሉታል። ነገር ግን የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ ዐዋቂው ሁሉ፣ አንዳንዴም አብልጦ፣ የበሽታ ተሐዋስያን አሉበት። ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብም ይልቁን የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ስለዚህ ዓይነ ምድሩ አስቀድሞ ወደ መጸዳጃ ቤት መደፋት፣ እጅም በሳሙና መታጠብ አለበት። ይህች እናት በቤት ስትውል የሚታጠብ ጨርቅ፣ ለመንገድ ብቻ ዳይፐር መጠቀም ጀመረች፤ ጨርቁም በፈላ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ይሰጣል።

ሁለት ወር ሲሞላ ተመልሰን ጎበኘናቸው። በየሳምንቱ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ሁለት ጆንያ ያስረክብ የነበረው ቤት ከአንድ ጆንያ በታች ያስረክባል። ሕፃኑም ድኖ ክብደት ጨምሯል። ይህ ሁሉ በጥራጊው መቀነስ ብቻ የመጣ ነው አንልም፤ እናቲቱ ውኃ አፍልታ ማጠጣትና ከማብላቷ በፊት እጇን መታጠብም ጀምራለችና። የጤና በሮች ብዙ ናቸው፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ክፍት መተው አይጠቅምም። የቀረ ችግርም አለ። ከጎረቤቶቹ አንዱ እስከ አሁን ፌስታሉን ከቦዩ ይጥላል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው የሚተኛው በአራቱም ደጃፍ ነው። ስለዚህ ከአራቱ አባወራዎች ጋር ተቀምጠን ቦዩን በተራ ለመጥረግ ተስማምተዋል።

4ኛ/ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

መልሶ መጠቀም መልካም ነው ሲባል ሁሉ ነገር ይመለሳል ማለት አይደለም።

የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ወይም ጠርሙስ ምንም ቢታጠብ ለውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ አይሆንም። ምላጭና መርፌ ክዳን ባለው ወፍራም ዕቃ ተጠራቅሞ ይዘጋል እንጂ በፌስታል አይጣልም፤ ቆሻሻ ሰብሳቢው እጁን ይወጋል። የባትሪ ድንጋይ አይቃጠልም፤ በብስባሽ ክምርም አይጨመርም። አመድ ፍሙ ፈጽሞ ሳይጠፋ ከጥራጊ ጋር አይቀላቀልም፤ የቀዘቀዘው ግን በመጸዳጃ ጉድጓድ ቢነሰነስ ሽታና ዝንብ ይቀንሳል።

5ኛ/ ማጠቃለያ

የቤት እመቤቶችና አባወራዎች የሚከተሉትን ስድስት ቃሎች በወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጥፏቸው እንመክራለን።

1. የሚበቃህን ያህል ግዛ፤ የሚበቃህን ያህል አብስል።
2. ገበያ ስትሄድ ዘንቢል ያዝ።
3. የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ለይ።
4. ልጣጭ ከጣልህ አፈር አልብስ።
5. ፕላስቲክ አታቃጥል።
6. የቀረውን ክዳን ባለው ዕቃ አድርገህ፣ ሳምንት ሳይሞላው ለሰብሳቢው አስረክብ።

የመከለሻ ጥያቄዎች

ሀ/ ከዝንብ እንቁላል እስከ ዝንብ ስንት ቀን ይፈጃል? ስለዚህስ ጥራጊ በግቢ ስንት ቀን ሊቆይ ይገባል?
ለ/ የሻገተ እንጀራ ድርቆሽ የማይሆነው ስለ ምንድን ነው?
ሐ/ በብስባሽ ክምር የማይጨመሩትን አምስት ነገሮች ጥቀስ።
መ/ በራስህ ቤት በአንድ ሳምንት የሚጣለውን በአራት ለይተህ አስቀምጥ። ከሁሉ የከበደው የትኛው ነው? ከሁሉ ቦታ የያዘውስ?

አራተኛውን ጥያቄ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ እንድትመልሱት አደራ እንላለን። የቤቱን ጥራጊ ለይቶ ያየ ልጅ ነገ የራሱን ቤት ሲያቋቁም ሌላ አስተማሪ አያሻውም።