ፍቅራችን ከአጥሩ ይወጣል ወይ?

ባለፈው ሴሚስተር በክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው «በራሳቸው ዙሪያ አጥር ያጠሩ የክርስቲያን ማኅበረሰቦች ሌላውን ሰው በእርግጥ ይወዳሉ ወይ?» የሚል ነው። ከፊሎቻችን «እንዴታ!» አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ «ፍቅራቸው ለራሳቸው ብቻ ነው» አሉ። እኔ ያን ቀን ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትም ሐሳብ አጥቼ ሳይሆን የማውቀውን መናገር ስላሳፈረኝ ነው። አሁን በዚህች አጭር ጽሑፍ የበኩሌን ልበል።

ያደግሁት በጃናሞራ ወረዳ፣ በመካነ ብርሃን አካባቢ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው፤ ሰው ያለ ሰው አይኖርበትም። አባቴ በወር አንድ ቀን ጽዋ ማኅበር ይጠጣ ነበር። ማኅበርተኛ ሲታመም ይጠየቃል፤ አዝመራው ሳይሰበሰብ ዝናብ ከመጣበት በደቦ ይታጨድለታል፤ ቤቱ ቢቃጠል እንጨቱና ሣሩ ተዋጥቶ ይሠራለታል። የቆሎ ተማሪም ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ሲመጣና «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ባዶ እጁን አይመለስም። ስለዚህ «ፍቅር የላቸውም» የሚለውን አልቀበልም። እኔ ራሴ በዚያ ፍቅር ነው ያደግሁት።

ይሁን እንጂ ልብ በሉ። የቆሎ ተማሪው እንግዳ ቢሆንም የኛኑ ምልክት ይዞ ነው የመጣው። ምልክታችንን ያልያዘውስ?

በመንደራችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ድስቱን፣ ምጣዱን፣ ጀበናውን የምንገዛው ከሷ ነው። ከቤቷ ግን ውኃ እንኳ የሚጠጣ አልነበረም፤ «ቡዳ ናት» ይባላል። እኛ ቤት ዕቃ ይዛ ስትመጣም ቡናዋ በር ላይ፣ ለብቻው በተቀመጠ ስኒ ነው የሚሰጣት። ነገሩን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ ቡናው የተፈላው እሷ በሠራችው ጀበና ነው! ደግሞም ሴትዮዋ ክርስትና የተነሣች ናት፤ ማተብ አስራለች። ሆኖም በሰንበቴው ቦታ አልነበራትም። እንግዲህ አጥሩ የሃይማኖት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ይህ በኛ መንደር የተጀመረ አይደለም። ጎንደር ላይ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668 (እ.ኤ.አ.)፣ ጉባኤ ተደርጎ ፈረንጆች ካገር እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኗል። ዛሬ አዲስ ዓለም የሚባለው ሠፈር የቀድሞው እስላም ቤት ነው፤ ካይላ ሜዳም ስሙን ያገኘው ከቤተ እስራኤሎች ነው። ሙስሊሙ በንግዱ፣ ቤተ እስራኤሉ በግንበኝነቱና በአንጥረኝነቱ ለከተማዋ ያስፈልጉ ነበር። እጃቸው ተፈለገ፤ ጉርብትናቸው ግን አልተፈለገም። በርግጥ ቤተ እስራኤሎችም በንጽሕና ሕጋቸው ምክንያት ከውጭ ሰው ጋር ሲነካኩ ይታጠቡ ነበርና አጥሩ ከሁለቱም ወገን ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ቡዳ የሚለው ስም ግን አብሯቸው አልሄደም፤ እዚሁ በቀሩት ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች ላይ ተለጥፎ ቆየ።

«አጥሩ ባይኖር ሃይማኖቱ ይጠፋ ነበር» የሚሉ አሉ። ነገሩ ከንቱ አይደለም። ከግራኝ ጦርነት፣ ቀጥሎም አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ካስከተሉት የእርስ በርስ እልቂት በኋላ ሕዝቡ ቢፈራ አይፈረድበትም። አጥሩን ያጠረው ጥላቻ ብቻ ሳይሆን ቁስልም ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ቁርባንና ጾም አጥር ቢኖራቸው ተገቢ ነው፤ ሥርዓት ነውና። ውኃ ማጠጣት፣ በሽተኛ መጠየቅ፣ ሬሳ መሸኘትስ ምን አጥር ያስፈልገዋል? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ሕግ አዋቂው ባልንጀራው ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጌታ በምሳሌነት ያቀረበለት የሱን ወገን ሳይሆን ሳምራዊውን ነው።

ሁለቱን ካልለየን መዘዙ ከባድ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ እዚሁ ጎንደር በአንድ ሼክ ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የሙስሊሞቹ መካነ መቃብርና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ናቸው። ጎን ለጎን መቀበር ብቻውን ጎረቤት አያደርግም ማለት ነው። በሌላ በኩል በየከተማው ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ድንኳን ተክለው አብረው የሚቀብሩ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ሃይማኖትን ይዞ አጥርን መሻገር ይቻላል።

አሁን ያሳፈረኝን ልናገር። አያቴ የሞተች ጊዜ ሸክላ ሠሪዋ ለቅሶ መጣች። ወደ ግቢ አልገባችም፤ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ አለቀሰች። እናቴ «ንፍሮ አድርስላት» ብላ ሰጠችኝ። እኔም ጠጋ ማለት ፈርቼ ሳህኑን ከራቅ ብሎ መሬት ላይ አስቀምጬላት ሮጥኩ። ተነሥታ ወሰደችና መረቀችኝ።

ያን ቀን ሌላውን የወደደው ማን ነበር? ማኅበር ያለን እኛ ወይስ ማኅበር የሌላት እሷ? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በኔ አስተያየት የአንድ ማኅበር ፍቅር መለኪያው ጽዋ የሚጠጣው አባል ሳይሆን በር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። እስቲ እናንተም ወደየቤታችሁ ስትሄዱ በራችሁ ላይ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ።