ሥጋን አሽቶ መጥበስ፣ ሽንኩርትን በረመጥ ማብሰል

ሥጋ ከራሽን ጋር የሚታደለን ምግብ አይደለም። ከኪሳችን ቆጥበን፣ ብዙ ጊዜም ለበዓል ብለን የምንገዛው በመሆኑ ግማሽ ኪሎዋ ብትበላሽ ወይም ልጆቻችንን ብታሳምም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ እትም የጤና ትምህርታችንን ወደ ማድቤት ወስደን፣ የበሬ ሥጋ በሎሚና በቅመም ታሽቶ እንዴት እንደሚጠበስ እንመለከታለን።

በካኩማ ገበያ አጥንት የሌለበት ሥጋ ለማግኘት «ስቴክ» ማለት ይበቃል፤ ግማሽ ኪሎ በስዋሂሊ «ኑሱ ኪሎ» ነው። ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት መግዛት ይመረጣል። ሥጋው የተመረመረ መሆኑን የሚያሳየውን ማኅተም አሳዩን ብሎ መጠየቅም አያሳፍርም።

ሥጋውን ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ሳይሆን ክሩን አቋርጠን፣ ከትንሽ ጣት ባልበለጠ ውፍረት እንቆርጠዋለን። ሥጋን የሚያለሰልሰው ከቅመሙ ይልቅ ይህ አቆራረጥ ነው። ቀጥሎ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ ማንኪያ በርበሬ ወይም አዋዜና ጨው ጨምረን በእጃችን እናሸዋለን። በሱፉሪያ ግን አይታሽ፤ ሎሚው አልሙኒየሙን ስለሚነካው ጣዕሙ ይበላሻል። የፕላስቲክ ሳህን ይሻላል።

የምግብ አሠራር መጻሕፍት አንዳንዴ «ታሽቶ ሌሊቱን ይደር» ይላሉ። ይህ ማቀዝቀዣ ላለው ሰው የተጻፈ ነው። ጀርሞች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት እንደኛ ባለ ቦታ ጥሬ ሥጋ ያለ ማቀዝቀዣ ከ1 ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመከራል። ግማሽ ሰዓት በጥላ ሥር፣ ተከድኖ ይበቃዋል። ሎሚው ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ፣ ብዙ ሲቆይ የሥጋውን ላይ ያሟሟዋል እንጂ ውስጡን አያጣፍጠውም።

ስለ ኮሶ ትል ስናስተምር ከተማሪዎቻችን የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ሎሚና ሚጥሚጣ ትሉን አይገድሉትም ወይ?» አይገድሉትም፤ አረቄም አይገድለውም። የኮሶ ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ሣር ላይ ይወድቃል፤ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል። ከዚያ እጩ ትሉ በከብቱ ሥጋ መካከል እንደ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሥጋውን ጥሬውን የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ትሉ አድጎ ብዙ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ የአገር ቤት ትዝታችን መሆናቸውን እኛም አንክድም። ይሁንና ማሸት ለጣዕም ነው፤ ትሉንም ጀርሙንም የሚገድለው እሳት ነው። የሥጋው ውስጥ 70 ዲግሪ ሲደርስ ሥጋቱ ይወገዳል። መለኪያ ስለሌለን ወፍራሙን ቁራጭ ከፍለን እንየው፤ ቀይ ሊሆን፣ ደም የመሰለ ውኃም ሊወጣው አይገባም።

ሽንኩርቱን ሥጋው ታሽቶ በተቀመጠበት ጊዜ እናዘጋጃለን። ሦስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ሳይላጥ በጂኮው ረመጥ ውስጥ ተቀብሮ፣ እየተገላበጠ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቅርፊቱ ይከስላል፤ ውስጡ ግን ይለሰልሳል፣ የሚያስለቅሰው ኃይሉም ጠፍቶ ይጣፍጣል። የከሰለውን ልጠን ጥለን ለአራት እንከፍለዋለን። ዘይት አይፈልግም፤ ለሥጋው ባቀጣጠልነው ከሰል ስለሚበስልም ተጨማሪ ወጪ የለውም።

መጥበሻው በደንብ ሲግል ሥጋውን ከማሻው እያራገፍን ጥቂት በጥቂት እንጨምራለን። አንድ ጊዜ ከታጨቀ ውኃ አውጥቶ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፤ በየቤቱ «ሥጋው ጎማ ሆነ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ሽንኩርቱ መጨረሻ ላይ ገብቶ አንድ ሁለቴ ይገላበጣል። በሳህኑ የቀረው ማሻ ጥሬ ሥጋ የነካው ስለሆነ፣ መጥበሻው ላይ በደንብ ሳይፈላ እንጀራ አይጠቀስበትም። ቢላዋውና መክተፊያውም በሳሙና ይታጠቡ።

ከሰሉ ደግሞ ከቤት ውጭ ይቀጣጠል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ዝናብ ቢመጣ እንኳ በርና መስኮት ተከፍቶ ይሥራ፤ ምግቡ ሲያልቅ ጂኮው ወደ ውጭ ይውጣ።