እውነተኛ ሒሳብ፤ ስለ አመስጋኝ ልብ የተጻፈ ትምህርት

አንባቢ ሆይ! በመርካቶ በዱባይ ተራ በኩል በጧት ብታልፍ፥ የሱቅ መዝጊያ ሲከፈት፥ ሸክም የተሸከሙ ሰዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ ሲያልፉ፥ ልብሱና ጫማው በየደጁ ሲሰቀል ታያለህ። ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንዱ «ተመስገን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው «ምን ገበያ አለ፤ ሞቷል እኮ» ይላል። ሦስተኛው ግን ሁለቱን አጣምሮ ይይዛል፤ ከንፈሩ «ተመስገን» ይላል፥ ፊቱ ግን እንደ ጠቆረ፥ ልቡም እንደ መረረ ይውላል። ይህችን ትምህርት የጻፍንልህ ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ሰው ነው፤ ከእኛ ብዙዎቻችን እርሱን እንመስላለንና።

1፤ ጭንቀቱ ምክንያት እንዳለው

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። የዱባይ ተራ ነጋዴ የሚጨነቀው በከንቱ አይደለም። ይህ ስፍራ ስሙን ያገኘው ከባሕር ማዶ ከዱባይ ተገዝቶ ከሚመጣው ዕቃ ነው፤ ስለዚህም ኑሮው ከውጭ ምንዛሪ ጋራ የተሳሰረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ አስቀድሞ በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዕቃውን በአሮጌው ዋጋ ሸጦ ሌላውን በአዲሱ ዋጋ ለመግዛት የተገደደ ሰው፥ ገንዘቡ በእጁ ላይ ሲቀልጥ አየ። ለልጁ ጫማ ሊገዛ የመጣውም ሰው ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያም ሦስት ወር ሳይሞላ፥ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ፥ በዚያው በመርካቶ በሸማ ተራ ታላቅ እሳት ተነሥቶ የብዙ ሰዎችን የዘመን ድካም በላ። በብድር ወይም በዕቁብ ገንዘብ ዕቃ የገዛ ሰው፥ ዕቃው ቢቃጠል ዕዳው አብሮ አይቃጠልለትም።

እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው «አይዞህ፥ ደስ ይበልህ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቁስሉን ሳያዩ መድኃኒት እንደ መስጠት ይሆናል። የክርስትና ትምህርት እንዲህ አያደርግም። ኀዘን እንደሌለ አድርገን እንድንናገር አያዝዘንም፤ ኀዘን ያለውን ነገር ኹሉ እንዳይሸፍንብን ግን ያስተምረናል። እንዴት እንደሚያስተምረን እንመልከት።

2፤ ወደ ነጋዴዎች ከተማ የተላከ መልእክት

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈው መልእክት ስለ ደስታ ደጋግሞ በመናገሩ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህን የጻፈው ተመችቶት በሰገነት ላይ ተቀምጦ አይደለም፤ ታስሮ ሳለ፥ ሞት ወይም ሕይወት ይፈረድበት እንደ ሆነ ሳያውቅ ነው።

መልእክቱን የተቀበሉትስ እነማን ነበሩ? በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 16 እንደምናነበው፥ በዚያች ከተማ ቃሉን አስቀድማ ከሰሙት አንዲቱ ልድያ የምትባል ሴት ናት። እርስዋም ከትያጥሮን ከተማ የመጣች፥ ቀይ ሐምራዊ ጨርቅ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። ዛሬ በዱባይ ተራ ከሩቅ አገር የመጣ ልብስ የምትሸጥ እኅታችን፥ በዚህ መጽሐፍ የሙያ ባልንጀራዋን ታገኛለች። ደግሞም ጳውሎስና ሲላስ በዚያችው ከተማ በበትር ተደብድበው፥ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ በመንፈቀ ሌሊት እግዚአብሔርን በዜማ አመሰገኑ። ስለዚህ ያ መልእክት በተነበበ ጊዜ፥ የፊልጵስዩስ ሰዎች «ይህ ሰው የሚናገረውን አስቀድሞ በእኛው ወህኒ ቤት በሥራ አሳይቶናል» ለማለት ይችሉ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ መልእክት ሁለት ነገር አስተውል። አንደኛው፥ ጳውሎስ ማጣትንና ማግኘትን በእኩል ልብ መቀበልን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ነበረው አይናገርም፤ እንደ ተማረው ይናገራል እንጂ። እንግዲህ አመስጋኝ ልብ እንደ መልክና እንደ ቁመት ከእናት ሆድ ይዘነው የምንወጣ ነገር አይደለም፤ እንደ ንግድ ሙያ በየቀኑ በመልመድ የሚገኝ ነው። «እኔ በጠባዬ አኵራፊ ነኝና ምን ላድርግ?» የምትል ብትሆን፥ ይህ ለአንተ የምሥራች ነው።

ሁለተኛው፥ ሐዋርያው በዚህ መልእክት የነጋዴን ቋንቋ መናገሩ ነው። በምዕራፍ 3 ትርፍንና ኪሳራን ያነጻጽራል፤ በምዕራፍ 4 ደግሞ የፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ላኩለት ስጦታ ሲያመሰግን፥ በዘመኑ የነበሩ ነጋዴዎች ስለ ገቢና ስለ ወጪ በመዝገባቸው ይጽፉት የነበረውን ቃል ይጠቀማል። እኛም ትምህርታችንን በዚሁ በመዝገብ ምሳሌ እንቀጥላለን።

3፤ ሁለት ዓይነት የሐሰት መዝገብ

እስቲ አንድ ነጋዴ እናስብ። መዝገብ ገዝቶ የወጣውን ገንዘብ ኹሉ በየቀኑ ይጽፋል፤ የገባውን ግን ከቶ አይጽፍም። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ገልጦ «እነሆ፥ ከሰርሁ፤ ጠፋሁ» ብሎ ያለቅሳል። ይህን መዝገብ ይዞ በግብር ሰብሳቢ ፊት ቢቀርብ ሐሰተኛ ይባላል። የጻፈው ወጪ ኹሉ እውነት ነው፤ ስለ ተወው ገቢ ግን መዝገቡ በሙሉ ሐሰት ሆነ። ማማረርም እንዲሁ ነው። የሚያማርር ሰው የሚናገረው ችግር ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በጤና ማደሩን፥ ሚስቱ የጠበቀችለትን እራት፥ በችግሩ ቀን ዋስ የሆነለትን ጎረቤቱን፥ ይልቁንም እግዚአብሔር በክርስቶስ የሰጠውን ይቅርታ ከመዝገቡ ያስቀራል። ስለዚህ ማማረር የጠባይ ድካም ብቻ አይደለም፤ የሐሰት ሒሳብ ነው።

ሌላ ነጋዴ ደግሞ እናስብ። እርሱ የገባውን ብቻ ይጽፋል። ዕዳውን ከሚስቱ ይሰውራል፤ ለጠየቀው ኹሉ «ምንም አልሆንሁም» ይላል፤ ሲስቅ ውሎ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል። ባለዕዳ መሆኑም ባለገንዘቦቹ በደጁ በቆሙበት ቀን ይገለጣል። ይህም ሐሰት ነው፤ ክርስቲያናዊ ደስታ የሚመስላቸውም ብዙዎች አሉ። ጳውሎስ ግን እንዲህ አልነበረም። ባልንጀራው አፍሮዲጡ ለሞት እስኪቃረብ ድረስ በታመመ ጊዜ፥ ያ ሰው ቢሞት ኖሮ ኀዘን በኀዘን ላይ ይደረብበት እንደ ነበር ሳያፍር ጽፎአል። ስለ ደስታ የጻፈው ያው እጅ ስለ ኀዘንም ጻፈ።

ሐዋርያው ልባችን ሊያስባቸው የሚገቡትን መልካም ነገሮች በምዕራፍ 4 ሲቈጥር፥ በመጀመሪያ ያስቀመጠው እውነትን ነው። ስለዚህ ከአንተ የሚፈለገው፥ ጥቁሩን ነጭ ማለት አይደለም፤ ጥቁሩንም ነጩንም በየገጹ በእውነት መጻፍ ነው።

4፤ ይህ ልብ የሚለመድበት መንገድ

ሙያ ያለ ልምምድ አይገኝምና፥ አራት ነገር እንመክርሃለን።

አንደኛ፤ ማታ ሱቅህን ስትዘጋ፥ ተማሪም ብትሆን መጽሐፍህን ስታጥፍ፥ የገንዘቡን ሒሳብ ከጨረስህ በኋላ የነፍስህን ሒሳብ ጻፍ። በአንዱ ገጽ የጐዳህን፥ በሌላው ገጽ የተቀበልኸውን አስፍር። ነገሩን በስሙ ጥራው። «ስለ ኹሉ አመሰግናለሁ» ማለት ይቀላል፤ «ዛሬ እግሬን ባመመኝ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ዕቃዬን ስላነሣልኝ አመሰግናለሁ» ማለት ግን ዓይንን ያበራል።

ሁለተኛ፤ ጭንቀትህን ወደ ጸሎት አግባው። ጳውሎስ ያስተማረው የምንፈልገውን ከምስጋና ጋራ ለእግዚአብሔር እንድናስታውቅ ነው። የምትከፍለው ዕዳ ቢኖርብህ፥ ስንት እንደ ሆነና መቼ እንደሚከፈል በጸሎትህ ተናገር፤ ከዚያም ተነሥተህ ወደ ባለገንዘቡ ሂድና ቀን እንዲጨምርልህ በግልጥ ለምነው። ጸሎት ከሥራ መሸሻ አይደለም፤ ለሥራ ድፍረት የሚገኝበት ነው።

ሦስተኛ፤ ከወሬ ተጠበቅ። በገበያ ውስጥ ወሬ ከሸቀጥ ይልቅ ፈጥኖ ይዞራል። «ነገ ዋጋ ይጨምራል፤ ነገ ሱቅ ይታሸጋል» ሲባል ውሎ፥ የሰው ልብ ያልደረሰበትን መከራ አስቀድሞ ይሸከማል። ጌታችን በተራራው ስብከት፥ ለየቀኑ የራሱ ችግር እንደሚበቃው፥ የነገውንም በዛሬው ላይ እንዳንጨምር አስተምሮናል። የሰማኸውን ነገር እውነት መሆኑን ሳትመረምር ለጎረቤትህ አታሳልፍ።

አራተኛ፤ እጅህን ዘርጋ። የመቄዶንያ ክርስቲያኖች፥ የፊልጵስዩስም ሰዎች ከእነርሱ ጋራ፥ በጽኑ ድኽነት ሳሉ ለሌሎች እንደ ሰጡ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 8 ተጽፎአል። የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ነገር እንዳለው በዚያው ያውቃል፤ የሚቋጥር ሰው ግን ምንም ያህል ቢኖረው የጐደለውን ብቻ ያያል። ቢቃጠልበት ወይም ቢከስርበት ለጎረቤትህ አንድ ጥቅል ዕቃ በዱቤ ማመን፥ ይህ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይበልጣል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ኀዘን ሳምንታት ሙሉ ሳይለቅህ ቢቈይ፥ እንቅልፍና ምግብ ቢነሣህ፥ መኖርን እስከ መጥላት ቢያደርስህ፥ ይህ የእምነት ጉድለት ነው ብለህ ራስህን አትኰንን፤ ማንም እንዲኰንንህ አትፍቀድ። የሰው አእምሮም እንደ ሌላው ሰውነቱ ይታመማል። ለምታምነው ሰው ሳትውል ሳታድር ንገር፥ ወደ ሐኪምም ሂድ፤ የአእምሮ ሕመም የሚታከምበት የአማኑኤል ሆስፒታል ከመርካቶ ሩቅ አይደለም። በሐኪም እጅ የሚገኝም ፈውስ ከእግዚአብሔር ነው።

5፤ ፊትህ የአንተ ብቻ አለመሆኑ

ምናልባት «የልቤ ምሬት የእኔ ነው፤ ማንን ይጐዳል?» ትል ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ እንዲህ አይደለም። አኵርፎ የገባ የሱቅ ጌታ አስቀድሞ የሚቈጣው ከገጠር መጥቶ በደመወዝ የሚያገለግለውን ልጅ ነው። ልጁም የተቀበለውን ቍጣ ለተሸካሚው ያቀብላል፤ ተሸካሚው ደግሞ ማታ ለቤተ ሰቡ ይዞት ይገባል። እንዲሁ የአንድ ሰው ምሬት ከሱቅ ወደ ሱቅ፥ ከሱቅም ወደ ቤት ይሄዳል። ምስጋናም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ጳውሎስ በምዕራፍ 2 ኹሉን ያለ ማጉረምረም እንድናደርግ ሲመክር፥ ምክንያቱን ጨምሮ ነግሮናል፤ በጨለማ ውስጥ እንደ ብርሃን እንድንታይ ነው።

በመርካቶ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ናቸው። በዚያ ያለው እስላም ነጋዴ በትርፉም በኪሳራውም ቀን «አልሐምዱሊላህ» ሲል በየዕለቱ እንሰማለን። እርሱ ፈጣሪውን ሲያመሰግን፥ በክርስቶስ ተስፋ አለኝ የሚል ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያማርር፥ የትኛው ቃላችን ይታመናል?

ያ ገበያ ራሱ ብዙ ዘመን አልፎበታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ጊዜ፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ «መርካቶ» የሚለው ስምም በኢጣሊያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙ ቀረ፤ በዚያም ስፍራ የአገሩ ሰው እየነገደ ልጆቹን አሳደገ፥ አስተማረ። የዋጋ መናር ወይም እሳት የመጨረሻው ቃል እንዳይደለ፥ በየቀኑ የምትረግጠው መሬት ይመሰክርልሃል። ለክርስቲያን ግን ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አለው፤ ይኸውም የክርስቶስ መቃብር ባዶ መሆኑ ነው።

6፤ ራስህን የምትጠይቅባቸው ጥያቄዎች

ይህን ትምህርት ብቻህን ወይም ከባልንጀሮችህ ጋራ ካነበብህ በኋላ፥ እነዚህን ጥያቄዎች በልብህ መልስ።

1፤ ትናንት ስለ ገበያህ ወይም ስለ ትምህርትህ ስትጠየቅ ምን መለስህ? መልስህ ሙሉውን እውነት የያዘ ነበርን?
2፤ እስካሁን ለማንም ያልነገርኸው ዕዳ ወይም ኀዘን አለህን? ለማን ልትነግር ትችላለህ?
3፤ ባለፈው ሳምንት በምሬትህ የተጐዳ ሰው ማን ነው? ይቅርታ ጠየቅኸውን?
4፤ ከችግርህ በላይ የከፋ ችግር የደረሰበት ጎረቤት ታውቃለህን? በዚህ ሳምንት ምን ታደርግለታለህ?

አንባቢ ሆይ፥ ነገ በጧት ጎረቤትህ «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅህ ይሆናል። ቢከብድብህ መክበዱን ሳትሰውር ንገረው፤ የተቀበልኸውንም ከዚያ ጋራ ንገረው። ከዚህ በኋላ «ተመስገን» ብትል፥ ከንፈርህና ልብህ አንድ ቃል ይናገራሉ። ኹሉን የሚሰጥ እግዚአብሔር ይህን ልብ ለአንተም ለእኛም ያድለን። አሜን።